የሀርጌሳ ዘፈን ያለ መድረኩ እንዴት ተረፈ?

ኦፔራ የምንለው ታሪኩ በዋናነት በዘፈን የሚተረክበትን ተውኔት ነው። ሶማሌዎች ለዚህ የሚቀርብ የራሳቸው ጥበብ አላቸው፤ ሪዋያድ ይባላል። በሪዋያድ ገጸ ባሕርያቱ የዕለት ጉዳያቸውን በንግግር ይጨርሳሉ፤ ፍቅር ሲገለጽ ወይም ጠብ ሲከር ግን ወደ ግጥምና ዜማ ይሻገራሉ። የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሀርጌሳ ከዚህ ጥበብ ማዕከሎች አንዷ ነበረች። ዛሬ በከተማዋ ከእነዚያ ተውኔቶች የወጡ ዘፈኖች ይዘፈናሉ፤ ሙሉ ሪዋያድ ማየት ግን ብርቅ ሆኗል። ዘፈኑ ተርፎ ተውኔቱ ለምን እንደ ቀረ ለመረዳት፣ ሪዋያድ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል።

ሪዋያድ የብዙ ሰዎች ሥራ ነው። ታሪኩን የሚያዋቅረውና ግጥሙን የሚደርሰው ባለቅኔ አብዋን ይባላል። ዜማውን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያወጣለታል፤ ድምፃዊው ያዜመዋል፤ ኡድ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያና ከበሮ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ያጅቡታል። ንግግሩን ደግሞ ተዋንያኑ የታሪኩን አቅጣጫ ይዘው በከፊል ራሳቸው ያዳብሩት ነበር። ግጥሙ ግን አይነካም። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ሲሆን፣ የሶማሊኛ ግጥም በየስንኙ ውስጥ በአንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል እንዲገኝ ያስገድዳል፤ ያ ድምፅ ከግጥሙ መነሻ እስከ መድረሻው አይለወጥም። ሶማሊኛ ይፋዊ ጽሕፈት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ተውኔቱ የሚጠናው በቃል ስለ ነበር፣ ይህ ሕግ ግጥሙን ለማስታወስ ይረዳ ነበር። አንድ ቃል ቢሳሳት ድምፁ ራሱ ያጋልጠዋልና።

ይህን ያህል ባለሙያ አንድ ላይ ለማቆየት ተቋም ያስፈልግ ነበር። መነሻው ሬዲዮ ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሀርጌሳ ያቋቋመው ጣቢያ ገጣሚዎችንና ሙዚቀኞችን በአንድ ቦታ አገናኘ። በኤደን ያደገው የኡድ ተጫዋች አብዱላሂ ቀርሼ በ1950ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ወላሎ ሀርጌሳ የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ ትርጉሙም የሀርጌሳ ወንድማማቾች ማለት ነው። ሀርጌሳ በነጻዋ ሶማሊያ ሥር ከሆነች በኋላ ብዙዎቹ አርቲስቶች ወደ ዋና ከተማዋ ሞቃዲሾ አቀኑ፤ የመንግሥት ቡድን በሆነው በዋበሪም ተሰባሰቡ። ደመወዝ፣ መለማመጃ፣ አዳራሽና የጉዞ ወጪ ከመንግሥት ይመጣ ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ የሀገር ፍቅርና የብሔራዊ ቴአትር ተዋንያንና ሙዚቀኞችም የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ባለሙያ ለወራት ልምምድ ቢያደርግም ቤተሰቡ አይራብም። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ መንግሥቱ ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይወድቃል።

የሆነውም ይኸው ነው። በግንቦት 1988 መጨረሻ የአማፂው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ሀርጌሳ ሲገቡ፣ የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ ይነሱ የነበረው ከከተማዋ ከራሷ አየር ማረፊያ ነበር። አብዛኛው ከተማ ፈረሰ፤ የከተማዋ ቴአትር ቤትም አብሮ ወደመ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በጅጅጋ አካባቢ በሐርቲሼክና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ። የሬዲዮው ሠራተኞች የቻሉትን ያህል ካሴትና ሪል መሬት ቀብረው ወይም ከአገር አውጥተው አተረፉ። ሶማሊላንድ በ1991 ከሶማሊያ ተለይታ ነጻነቷን ስታውጅ የነበራት የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ደመወዝተኛ ቡድን ግን አልነበራትም።

ተውኔቱ ሲቀር ዘፈኑ የተረፈው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሬዲዮው ገና ቀድሞ ዘፈኖቹን ከተውኔቱ ለይቶ ያሰራጫቸው ነበር፤ ካሴትም ይህንኑ አስፋፋው። ግጥሙ በራሱ ምሉዕ ስለ ሆነ ሰሚው ታሪኩን ባያውቅም ይገባዋል። አንድ ድምፃዊና አንድ ኡድ ተጫዋች በስደተኛ መጠለያም ሆነ በሰው ቤት ሊያቀርቡት ይችላሉ። ሙሉው ሪዋያድ ግን ደርዘን የሚሞላ ሰው፣ የወራት ልምምድና አዳራሽ ይጠይቃል። ጦርነቱ ያጠፋው እነዚህን ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥረት በሙዚቀኞች የሚመራ ነው፤ ዋናው ምሳሌም በሀርጌሳ ያለው ሂዶ ዳውር የተባለ ቤት ነው። ስሙ ባህልን ጠብቅ የሚል መልእክት አለው። መሥራቿ ሳህራ ሀልገን በጦርነቱ ጊዜ ገና በወጣትነቷ ቁስለኞችን እያስታመመች ትዘፍንላቸው ነበር። በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሰድዳ በሊዮን ኖረች፤ በ2010ዎቹም ተመልሳ ቤቱን ከፈተች። ሂዶ ዳውር ምግብ ቤትም ነው፣ የሙዚቃ መድረክም ነው። ትንሽ የሙዚቃ ጓድ የድሮዎቹን ዘፈኖች ይጫወታል፤ ታዳሚው በቃሉ ስለሚያውቃቸው አብሮ ያዜማል።

የገቢው አሠራር ልብ ሊባል ይገባል። በአዲስ አበባ የአዝማሪ ቤት ባለቤቱ ራሱ ሙዚቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን ግን በብዛት የሚደጉመው የመጠጥ ሽያጭና የሰሚው ሽልማት ነው። በሶማሊላንድ አልኮል ክልክል ነው። ስለዚህ ወጪው የሚሸፈነው በመግቢያ ክፍያ፣ በምግብና በሻይ ነው። የሳህራ የውጭ አገር ኮንሰርቶችና አልበሞችም ለቤቱ ስም ያመጣሉ፤ በ2024 ያወጣችው አልበም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቤት ነው። ሌላም ገደብ አለ። ሙዚቃን በሃይማኖት ምክንያት የሚቃወሙ ጥቂት አይደሉም፤ በተለይ ሴት በአደባባይ ስትዘፍን። እንዲህ ባለ ከተማ ዘፈኑን እንደ ቅርስ፣ ቤቱን ደግሞ ቤተሰብ የሚመገብበት ቦታ አድርጎ ማቅረብ ተቀባይነትን ያሰፋል።

ከሂዶ ዳውር ሌላ በከተማዋ የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ይገኛል። በሒሳብ ባለሙያው ጃማ ሙሴ ጃማ የሚመራው ይህ ተቋም በ2014 ተከፈተ፤ ከ10,000 በላይ ካሴቶችን ሰብስቦ በዲጂታል መልክ እያስቀመጠ ነው። ማዕከሉ ድምፁን ያከማቻል፤ ሂዶ ዳውር ሕያው አድርጎ ያዜመዋል። ካሴቱ ዘፈኑን ቢይዝም ወጣቱ ኡድ ተጫዋች ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ፣ ድምፃዊቷም ትንፋሿን እንዴት እንደምትቆጥብ ከጎን ሆኖ የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህ የሚሆነው መድረክ ላይ ነው።

ማስረጃው ከተዘረዘረ በኋላ ፍርዱ ይህ ነው። በሙዚቀኛ የሚመራ ትንሽ ቤት መንግሥት ያልተካውን ሥራ በእርግጥ ሠርቷል፤ ዘፈኑን ከካሴት አውጥቶ ወደ ሰው ጉሮሮ መልሶታል። ሪዋያድን ግን ሊመልስ አልቻለም። የአንድ ምሽት ገቢ የአንድ ምሽት ሙዚቀኞችን ይከፍላል፤ ተውኔት የሚደርስ አብዋንን ለወራት አያኖርም። የቤቱ ጥንካሬ በመሥራቿ ስም ላይ መቆሙም ሥጋት ነው፤ እርሷ በሌለች ጊዜ ኃላፊነቱን የሚረከብ አካል ካልተዘጋጀ፣ መንግሥት ሲወድቅ የደረሰው ዓይነት ውድቀት በትንሹ ሊደገም ይችላል። የሀርጌሳ መድረክ ወደፊት የሚያስፈልገው ቤቱን በሌላ መተካት አይደለም። የሚያስፈልገው ለልምምድ ጊዜ የሚከፍል ፈንድና የቀሩት አንጋፋዎች በሕይወት ሳሉ የሚያስተምሩበት ቋሚ ትምህርት ነው። ሁለቱ ከተሟሉ ከተማዋ የድሮውን ዘፈን ከመጠበቅ አልፋ አዲስ ሪዋያድ ልትደርስ ትችላለች።