8 ገዝታችሁ 3 ሲሆንባችሁ፦ የላፕቶፑ ራም የት ገባ?

ለሆሳዕናና ለዱራሜ ተማሪ ላፕቶፕ ቀላል ዕቃ አይደለም። ወይ ቤተሰብ አዋጥቶ ያገለገለ ይገዛል፣ ወይ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ይልካል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ ደግሞ አሳይመንቱም የመመረቂያ ጽሑፉም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ «ራም ጨምርበት!»

ይጨመራል። 4 ጊጋባይት የነበረው 8 ይሆናል፣ ብሩም ይከፈላል። ቤት ተገብቶ ሲከፈት ግን ዊንዶውስ 8 ጊጋባይት መገጠሙን ይናገርና አጠገቡ «የሚሠራው 3 ነጥብ ምናምን» ብሎ ቁጭ ይላል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ገዢው «ሸወደኝ» ይላል፤ ሻጩ «ዕቃዬ ንጹህ ነው» ይላል። መሀል ላይ «ራሙ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» የሚል ይመጣና ሁለተኛ ብር ይወጣል። ችግሩ ይህ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ማንንም አልሸወደም፤ ራሙም ጤነኛ ነው።

ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ነው። ኮምፒውተር ራም ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ባይት የሚያገኘው በአድራሻ ነው። 32 ቢት የሆነ ዊንዶውስ ያሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፤ ይህ ልክ 4 ጊጋባይት ነው። የቤት ቁጥር መጻፊያው አራት ሣጥን ብቻ ያለው ፎርም አስቡ። ከ9999 በላይ መጻፍ አይቻልም። 10,000ኛው ቤት ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶበት፣ ቡና እየተፈላበት ሊሆን ይችላል፤ ለፎርሙ ግን የለም። ከአራቱም ላይ ለስክሪንና ለሌሎች ክፍሎች የሚቆረጥ አድራሻ ስላለ ነው የሚቀረው 3 ነጥብ ምናምን የሚሆነው።

ታዲያ 32 ቢት ለምን ተጫነ? ለዊንዶውስ 10 በ32 ቢት 1 ጊጋባይት ራም ይበቃል፣ በ64 ቢት 2 ያስፈልጋል። ራሙ ትንሽ በነበረበት ዘመን 32 ቢት የተጫነበት ማሽን፣ በኋላ ራም ቢጨመርለት ዊንዶውሱ አብሮ አይቀየርም።

ለማረጋገጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡ። «ሲስተም ታይፕ» የሚለው መስመር ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 32 ቢት፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ «ኤክስ 64» ከተባለ መልሱ ተገኘ፦ ማሽኑ ይችላል፣ ዊንዶውሱ ነው የከለከለው። መፍትሔው 64 ቢት ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ነው። ከ32 ወደ 64 በአፕዴት መሻገር አይቻልም። ስለዚህ ላፕቶፑን ለጥገና ቤት ከመስጠታችሁ በፊት የመመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ ፎቶውን፣ ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ «ፋይሌስ?» ማለት ዋጋ የለውም። ሲጫንም «64 ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዊንዶውሱ 64 ሆኖም ራሙ ከጎደለስ? ማሽኑ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ግቡና ስንት ጊጋባይት እንደሚያነብ እዩ። ባዮሱ 8 ካለ ችግሩ ዊንዶውስ ውስጥ ነው፦ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ከፍታችሁ ቡት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ስትገቡ «ማክሲመም ሜሞሪ» ላይ ምልክት ካለ አንሱትና ሪስታርት አድርጉ።

ባዮሱ ራሱ 4 ብቻ ካለ ግን ጉዳዩ ዕቃው ላይ ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩንም ባትሪውንም ንቀሉ። ራሙን አውጡ፣ ወርቃማ ጥርሱን በንጹህ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ጠቅ እስኪል መልሱት። ካልሆነ አንዱን ራም ብቻ፣ በተራ፣ በሁለቱም ቦታ ሞክሩ። በአንዱ ቦታ ሁለቱም ራሞች እምቢ ካሉ የተበላሸው ማስገቢያው ነው፤ አንዱ ራም በሁለቱም ቦታ እምቢ ካለ ያኔ ሻጩ ዘንድ መሄድ ተገቢ ነው። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ጣሪያም አለ፤ ከዚያ በላይ ቢገዛ ብር ማባከን ነው።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጣችሁ። ከ8 ላይ 7 ነጥብ 8 ቢታይ ጤናማ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ስክሪን ካርድ ከራሙ ስለሚበደር ነው።

ስልክ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። «8+8 ራም» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሁለተኛው 8 እውነተኛ ራም አይደለም፤ ከስልኩ ስቶሬጅ የተቆረሰ ነው፣ ፍጥነቱም እንደ ራም አይደለም። ዋጋ ስትከራከሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ቁጠሩ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙም እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ብሩ ከኪስ ሳይወጣ፣ ያችን «ሲስተም ታይፕ» የምትል መስመር አስከፍቱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 32 ቢት ብሎ ነገር የለውም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ከሻጭ ጋር ከመጣላትም፣ ቤተሰብ ያዋጣውን ብር ሁለቴ ከማውጣትም ያድናል።