ሪፒተር የራሱን ድምፅ ሲሰማ

ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ማይክ ይዞ ወደ ሞንታርቦው ሲጠጋ የሚመጣውን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ታውቁታላችሁ አይደል? ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ማጉያው እንደገና ያጎላዋል፤ እንደገና ወጥቶ እንደገና ይገባል። ይህ መሽከርከር ፊድባክ ይባላል። የሞባይል ሲግናል የሚያጎሉ ሪፒተሮችም ልክ እንደዚሁ "ይጮኻሉ"። ልዩነቱ ጩኸቱ የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ጆሯችን አይሰማውም።

ሪፒተር እንዴት ይሠራል?

ወፍራም ኮንክሪት ወይም ቆርቆሮ ሲግናሉን ሲያዳክመው ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ሪፒተር ይህን የሚፈታው በሦስት ክፍሎች ነው። ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ከታወሩ ሲግናል ይቀበላል፣ ማጉያው ያጎላዋል፣ የቤት ውስጡ አንቴና ደግሞ ለስልካችሁ ያደርሰዋል። ስልካችሁ የሚልከውም በዚያው መንገድ ተገላቢጦሽ ይሄዳል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ወደ ማጉያው የሚገባውና ከማጉያው የሚወጣው ሲግናል ፍሪኩዌንሲያቸው አንድ ነው። ስለዚህ የጣሪያው አንቴና ከታወሩ የመጣውን ሲግናል ከሪፒተሩ ከራሱ ሾልኮ ከመጣው መለየት አይችልም።

ሁለት ቁጥሮች

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው፣ ማጉያው ስንት ያጎላል? ሁለተኛው፣ ሲግናሉ ከቤት ውስጡ አንቴና ወደ ጣሪያው እስኪመለስ ስንት ይዳከማል?

መሐንዲሶች ይህንን በዴሲቤል ይለካሉ። በየ10 ዴሲቤሉ የሲግናሉ ኃይል በ10 ይባዛል። 70 ዴሲቤል ማጉላት ማለት እንግዲህ 10 ሚሊዮን እጥፍ ነው!

አሁን እናስላ። ማጉላቱ 70፣ መዳከሙ 80 ዴሲቤል ይሁን። ሲግናሉ አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ኃይሉ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዙር አንድ መቶኛ ይሆናል። ቀስ በቀስ ይሞታል። መዳከሙ 65 ቢሆንስ? በየዙሩ 5 ዴሲቤል ይጨምራል፣ ማለትም 3 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በ10 ዙር 100 ሺህ እጥፍ ይደርሳል፤ ማጉያው አቅሙ እስኪያልቅ ድረስም አያቆምም። ለመጀመር እኮ የማንም ስልክ መደወል የለበትም፤ በማጉያው ውስጥ ያለችው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ትበቃለች።

በር ሲከፈት ወይም ሰው ሲንቀሳቀስ ሞገዱ የሚመለስበት መንገድ ይለወጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሁለቱን ቁጥሮች እኩል አድርገው አይተዉም፤ መዳከሙ ከማጉላቱ በ15 ዴሲቤል ያህል እንዲበልጥ ያደርጋሉ።

ታዲያ ቢጮኽ ምን ችግር አለው?

ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ታወሩ ግን ከሩቅ የሚመጡ በጣም ደካማ የስልክ ሲግናሎችን ነው የሚያዳምጠው። የሚጮኽ ሪፒተር አጠገቡ ሲነሳ ሌሎቹ ይዋጣሉ። አንድ ቤት የተተከለ ዕቃ፣ ጎረቤት አምቡላንስ ለመጥራት የሚደውለውን ስልክ ሊያፍን ይችላል። ለዚህም ነው አሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ለተጠቃሚዎች የሚሸጥ ሪፒተር ወደ ታወሩ በሚልክበት በኩል ፊድባክ ከተነሳ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ራሱ አውቆ ማጉላቱን እንዲቀንስ ወይም እንዲጠፋ ያስገደደችው።

እንዴት ይገታል?

የመጀመሪያው መላ ሁለቱን አንቴናዎች ማራራቅ ነው፤ በመካከላቸው የኮንክሪት ወለል ወይም ቆርቆሮ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። ቤቱን ያስቸገረው ግድግዳ እዚህ ጋ ይጠቅማል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ አንቴና መርጦ ጀርባውን ለቤቱ እንዲሰጥ ማዞርም ይረዳል።

ሁለተኛው፣ ማጉያው ራሱን እየለካ ሲግናሉ ሲበዛ ማጉላቱን እንዲቀንስ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ረቀቅ ያለ ነው። ሪፒተሩ ምን እንዳስተላለፈ ስለሚያውቅ ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ በስሌት ገምቶ ከሚቀበለው ላይ ይቀንሰዋል።

የአማተር ሬዲዮ ሪፒተሮች ደግሞ ከነጭራሹ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብለው በሌላ ያስተላልፋሉ።

እንግዲህ ቤታችሁ ያለው ሪፒተር በየጊዜው ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ፣ ማጉላቱን ከፍ ማድረግ ያባብሰዋል። መጀመሪያ አንቴናዎቹን አራርቁ። ገና ለመግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ በብዙ አገሮች ማንኛውንም ሪፒተር እንዲሁ መትከል ክልክል ነው።