ተጨማሪ መረጃ፦ 60 ኮምፒውተር፣ 8 አድራሻ

አጋርፋ ላይ ያለ አንድ ኮሌጅ 60 ኮምፒውተሮች አሉት እንበል። 60 ፐብሊክ አይፒ ይጠይቅ? አያስፈልገውም፤ ብክነት ነው።

ፐብሊክ አይፒ ማለት በመላው ኢንተርኔት ላይ የማይደገም አድራሻ ነው። የአይፒ 4ኛው ስሪት 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ አድራሻው 4.3 ቢሊዮን አይሞላም። ለአፍሪካ የሚያከፋፍለው ሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ ነው፤ ኮሌጁ ግን የሚጠይቀው እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ያለውን አገልግሎት ሰጪ ነው።

ተከታታይ አድራሻዎች በአንድነት ሲሰጡ ብሎክ ይባላሉ። «/29» ተብሎ የሚጻፈው ብሎክ 8 አድራሻ አለው። የመጀመሪያው የኔትወርኩ መለያ፣ የመጨረሻው መልእክትን ለሁሉም ማሰራጫ ነው። ከቀሩት 6 አንዱን ራውተሩ ሲይዝ፣ 5ቱ ለድረ ገጽና ለኢሜይል ሰርቨሮች ይበቃሉ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የውስጥ አድራሻ ይዘው አንዱን ፐብሊክ አይፒ ይጋራሉ፤ ዘዴው «ናት» (NAT) ይባላል።

ስልካችሁን ከዋይፋይ ጋር አገናኙና አድራሻውን ተመልከቱ፤ በ192.168 ይጀምራል? ከሆነ የውስጥ አድራሻ ነው።