የማይቆጠረውን ጠመንጃ መከታተል

በታችኛው ኦሞ፣ ኢትዮጵያ ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን በምትዋሰንበት ምድር፣ በአርብቶ አደሩ እጅ ስንት ክላሽ እንዳለ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ባለቤቱ ቢጠየቅም ቁጥሩን ይሸሽጋል፤ ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይወረሳል ብሎ ይሠጋልና። ታዲያ የማይቆጠር ነገር እንዴት ክትትል ይደረግበታል?

እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመውና መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው፣ የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ማኅበር የሆነው የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት፣ ሴዋርን፣ ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ኡጋንዳ በሚገናኙባቸው በካራሞጃ ድንበሮች ሥራ ሲጀምር የመስክ ታዛቢዎቹን በጠመንጃው ፈንታ የሰውንና የከብትን ውሎ እንዲመዘግቡ አደረገ። ጎረምሶች ሴትና ሕፃን ሳያስከትሉ ወደ ድንበር ወረዱ? ከብቱ ያለ ወቅቱ ከግጦሽ ሸሸ? ዘመቻ የሚመርቁ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ? እያንዳንዱ ለብቻው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰሞን ሲደራረቡ ግን ዝርፊያ ይሸታል።

ይህን መዝገብ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የተለመደውን ግምት የሚያናጋ ነገር አገኘ። ድርቅ ሲጠና ሰው ይጋደላል ይባላል። መረጃው ግን ጠብ አጫሪ ድርጊት በበዛበት ጊዜ ቁጥቋጦው ሲለመልም ግጭቱ እንደሚበረታ አመለከተ። ቅጠሉ ለዘራፊ መሸሸጊያ ነውና።

ከተኩስ በኋላም መሬቱ የሚናገረው አለ። ቀለሃ አንሥተው ቂጡን ቢያዩት ብዙ ጊዜ የፋብሪካውና የተሠራበት ዓመት ምልክት ተመትቶበታል። ክላሽ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ጥይት ግን ያልቃል። በቅርብ ዓመት የተሠራ ቀለሃ መገኘቱ ከጀርባው የሚያቀብል እጅ እንዳለ ይመሰክራል።

ቁጥር ብቻውን እንደሚያሳስትም በኡጋንዳ በኩል ያለችው ካራሞጃ አይታለች። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2001 መገባደጃ በዚያ ትጥቅ ማስፈታት ስትጀምር፣ ቀድሞ ያስረከበው ወገን ባልፈቱት ጎረቤቶቹ ተዘረፈ። በመዝገብ ላይ ጠመንጃ ቀንሷል፤ ከብቱን ላጣው እረኛ ግን ሥጋቱ ብሷል። ከብቱን የሚጠብቅለት መንግሥት ሳያይ ትጥቁን የሚፈታ አርብቶ አደር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ክትትል የሚለካው በተሰበሰበው ወረቀት ብዛት አይደለም። ታዛቢው ማክሰኞ የላከው ምልክት የወረዳው መኪና ነዳጅ አጥቶ እስከ ሐሙስ ድረስ ቢተኛ፣ ዓርብ የሚመዘገበው የሬሳ ቁጥር ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ረቡዕ ዛፍ ሥር ከተገናኙ ግን በዚያ ሳምንት ቅጽ ላይ የሚሞላ ላይኖር ይችላል፤ ሥራው መሥራቱ የሚታወቀውም በዚሁ ባዶ ቦታ ነው።