በአህያ ጋሪ የተጀመረ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት

ላስታ የመጻሕፍት ሀገር ነው። በላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና በዙሪያቸው ባሉ ገዳማት የብራና መጻሕፍት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፈው ዛሬም ይነበባሉ። የአካባቢው ልጅም በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አልፎ ዳዊት ሲደግም አንባቢ ተብሎ ይመረቅ ነበር። ይሁንና እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት ለአምልኮና ለአዋቂ ነው። ለሕፃን ዕድሜ የሚመጥን፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ የተጻፈና ሥዕል ያለው መጽሐፍ በሀገራችን ብዙም አልተለመደም። ተረቱ ሞልቶ ሳለ የሚነገረው በምሽት፣ በምድጃ ዙሪያ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡ ኢትዮጵያውያን መካከል የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይጠቀሳሉ። የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው። አባታቸው ያልተማሩ የከብት ነጋዴ ቢሆኑም ልጃቸው እንዲማር አጥብቀው ይሹ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ በዮሐንስ እጅ የገባው በ19 ዓመታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያም የቤተ መጻሕፍት ሙያ አጥንተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። የዚህ ሙያ ሥራ መጽሐፍ መደርደርና መመዝገብ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ለልጆች ጮክ ብሎ ያነባል፤ እያንዳንዱን ልጅ ከሚስማማው መጽሐፍ ጋር ያገናኛል፤ ከመደርደሪያው የጎደለውን ለይቶ ያስገዛል።

በዚሁ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት አገልግሎት የመጀመሪያዋ አስተባባሪ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኤፊ ሊ ሞሪስ ነበሩ፤ ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ልዩ ልዩ ሕዝቦች በልጆች መጻሕፍት ውስጥ እንዴት እንደተሣሉ የሚያሳዩ የቆዩ ኅትመቶችን አሰባስበዋል፤ ስብስቡም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ልጅ በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ማግኘቱ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ቀድመው የተረዱ ባለሙያ ነበሩ።

ዮሐንስም በብዙ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍቱ ሲገዙ የአማርኛ መጽሐፍ አለመኖሩን አስተዋሉ። ስለዚህ የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ በማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ጋር በመሆን ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት መጻሕፍት የሚያቀርብ ድርጅት መሠረቱ። ከሚሠሩበት ቤተ መጻሕፍት የተለገሱ 15 ሺህ መጻሕፍትን ይዘው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤታቸውን ምድር ቤት የሾላ ሕፃናት ቤተ መጻሕፍት አድርገው ከፈቱት።

ቤተ መጻሕፍት መምጣት ለማይችሉ ልጆችም በሐዋሳ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ እንዲዞር አደረጉ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 የዓመቱ ጀግኖች ብሎ ከመረጣቸው 10 ሰዎች አንዱ ዮሐንስ ነበሩ።

የዮሐንስ ሥራ ለላስታ ደጋ ትምህርት ይሆናል። ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ብዙ ትምህርት ቤቶቹ የተጎዱበት ዞን ነው። ሕንፃ እስኪጠገን፣ መደርደሪያ እስኪሞላ ሲጠበቅ ልጅ ዕድሜው ያልፋል። ሾላ የተጀመረው በአንድ ሰው መኖሪያ ቤት፣ የሐዋሳውም በጋሪ ነው። በላስታ ዳገት ጋሪ ባይወጣም በቅሎ ይወጣል፤ እንግዳ ወደ አሸተን ማርያም የሚያደርስ በቅሎ አንድ ሣጥን መጽሐፍ ለመሸከም አይቸገርም።

የሚከብደው ሣጥኑን የሚሞላውና የሚከፍተው ሰው ነው። በልጆች ቋንቋ የሚጽፍ ደራሲ፣ የሚያሳትም ተቋም፣ ከልጆች መካከል ተቀምጦ የሚያነብ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። እነዚህ ከተገኙ፣ ብራናን ለዘመናት የጠበቀው የላስታ ሕዝብ የልጆቹንም መጽሐፍ ጠብቆ ማቆየት አያቅተውም።