በደጋ የተስተካከለ የተርቦ ግፊት በቆላ ስለሚያመጣው ጉዳት

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጢስ ዓባይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 እና በ2001 የተሠሩት ሁለቱ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የታነጹት፣ ከወንዙ የሚጠለፈው ውሃ በተርባይኖቹ እንዲያልፍ፣ የቀረው ግን እንደ ጥንቱ በፏፏቴው እንዲወርድ ሆኖ ነው። በመኪና ሞተር ላይ የሚገጠመው ተርቦ የዚያ ተርባይን ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ልዩነቱ በውሃ ፈንታ የሚያሽከረክረው ሞተሩ የሚተፋው ጢስ መሆኑ ነው። በጢሱ የሚዞረው ተርባይን በአንድ ዘንግ አብሮት የተጠመደውን ሌላ መዘውር እያዞረ፣ አየርን ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሰዳል። ጢሱ ሁሉ በተርባይኑ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ግፊቱ ያለ ልክ ስለሚያድግ፣ ትርፉን በጎን አሳልፋ ወደ ማርሚታው የምትለቅ አንዲት ትንሽ በር ተሠርታለታለች። በየጋራዡ ዌስት ጌት የሚሏት እርስዋን ነው።

ይህች በር የምትከፈትበትን ልክ መለወጥ ቀላል ሥራ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ቅለት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጁ ያለውን አሮጌ መኪና እያሳደሰ ለመኖር የሚሻው ባለ ንብረት ወደ መለዋወጫ መደብር መመላለሱ የማይቀር ነው። ከዚህም ዓይነት ደንበኛ መካከል ተርቦ በሌለው አሮጌ ሞተር ላይ ተርቦ የሚያስገጥም፣ ወይም ያለውን «አጥብቁልኝ» የሚል ይገኛል። ምክንያቱን ቢጠይቁት መኪናው በዳገት ላይ አቅም አነሰው ይላል።

አባባሉ ሐሰት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በባሕር ወለል ላይ 1 ባር ያህል የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከ0.8 ባር እምብዛም አይበልጥም። በአዲስ አበባማ ከዚህም ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል ማለት ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው መሣሪያም ታላቅ ስም ያገኘው ይህን የከፍታ ጉድለት በመሙላቱ ነው። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ተርቦ ሲታከልበት ግን 356 ደረሰ።

ይሁን እንጂ ነጋዴ ሒሳብ ይወዳልና ነገሩን በሒሳብ መመልከት ይሻላል። አንድ የናፍጣ ካሚዮን በፋብሪካው ልክ መሠረት በዙሪያው ካለው አየር በላይ 1 ባር እንዲጨምር ተደርጎ ተሠርቷል እንበል። በባሕር ወለል ላይ ጠቅላላው 2 ባር ይሆናል፤ በባሕር ዳር 1.8። እንግዲህ የጎደለበት አንድ አምስተኛ ሳይሆን አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ተርቦው ራሱ፣ ማንም ሳይነካው ክሶታል። መካኒኩ ይህችን አንድ አሥረኛ ለመመለስ ሲል በሩ በ1.2 ባር እንድትከፈት ያደርጋታል። ጠቅላላው 2 ባር ሞላ፤ ሹፌሩም ተደሰተ። ነገር ግን በባሕር ወለል ላይ የሚስበውን አየር እጥፍ ብቻ ያደርግ የነበረው ተርቦ፣ አሁን የሳሳውን አየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መጭመቅ ግድ ሆኖበታል። ይህን ለማድረግ አብልጦ ይፈጥናል፤ አየሩም አብልጦ ይግላል። በ25 ዲግሪ የገባው አየር በመጀመሪያው ሁኔታ 120 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣ የነበረ እንደ ሆነ፣ በሁለተኛው 150 ገደማ ይደርሳል። የጋለ አየር የሳሳ ስለ ሆነም ከተገኘው ትርፍ ከፊሉ በዚያው ይበላል።

የባሰው ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ካሚዮን በጣና ዳር ቆሞ አይውልም፤ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በወልድያ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ ከዚያም የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው ወደሚያልፍበት ወደ ጅቡቲ ወደብ ይዘልቃል። የበሩ ሞላ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለ ሆነ፣ በሄደበት ሁሉ 1.2 ባር መጨመሩን አይተውም። ስለዚህ በባሕር ዳር 2 ባር የነበረው ጠቅላላ ግፊት በጅቡቲ 2.2 ይሆናል፤ ይኸውም ፋብሪካው ከወሰነው አንድ አሥረኛ የሚበልጥ ነው። የቆላው ሙቀት ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል። በሹፌሩ ፊት ያለው መለኪያ ግን በባሕር ዳርም ሆነ በጅቡቲ ያንኑ 1.2 ስለሚያሳይ ምንም ነገር አይነግረውም።

በናፍጣ ሞተር ትርፉ ግፊት የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። በቤንዚን ሞተር ደግሞ ይብሳል፤ ነዳጁ ካንዴላው ካቀጣጠለው እሳት ቀድሞ በየጥጉ በራሱ እየፈነዳ ፒስቶኑን እስከ መብሳት ያደርሳል። ሞተሩ በበረሃ መካከል ሲቆም የጭነቱ ባለቤት የሚከፍለው የመጎተቻ ዋጋ ብቻ አይደለም። ገበያው ያልፈዋል፤ ዕቃውም በሜዳ ላይ ያድራል።

በሩን የሚገፋው መሣሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ከተርቦው በቀጭን የጎማ ቱቦ የሚመጣው ግፊት ሞላውን ሲያሸንፍ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፤ በሩም ይከፈታል። አንዳንዱ ዘንጉን ያሳጥራል፤ ሌላው በቱቦው ላይ ግፊቱን የምታስተነፍስ ብሎን ያስገባል፤ ደፋሩ ደግሞ ቱቦውን ጨርሶ ይደፍነዋል። ይህ የመጨረሻው በሩ ከቶ እንዳትከፈት ስለሚያደርግ ሥራ ሊባል አይገባውም። ሳይደፈንም ቢሆን ቱቦው አርጅቶ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ውጤቱ ያው ነው፤ ግፊቱ ሞላው ዘንድ ስለማይደርስ በሩ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ጥቂት ብር የሚያወጣ ቱቦ ብዙ ሺህ የሚያወጣ ሞተር ያጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ መጀመሪያ በሞላው ብቻ፣ ማለት በዝቅተኛው ልክ ይጀምራል፤ ከጨመረም በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፤ ልኩንም የሚወስነው መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ እንጂ ጋራዡ በቆመበት ከፍታ አይደለም። ጠቅላላውን ግፊት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እየለኩ ራሳቸውን የሚያርሙት አዲሶቹ ሞተሮች ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው፤ መሣሪያውን የሚያታልል ዕቃ ካልተገጠመባቸው።

አሜሪካኖች በ1962 ባወጡት ኦልድስሞቢል ጄትፋየር በተባለው አውቶሞቢል ላይ ጥንቃቄውን እጅግ አርቀውት ነበር። ፍንዳታውን የሚከላከል ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከሞተሩ ጋር ይሰጥ ነበር፤ ፈሳሹም ሲያልቅ ሌላ በር ግፊቱን ይገታል። ብዙዎቹ ባለ መኪናዎች ፈሳሹን መሙላት ረስተው ጉልበት አነሰን እያሉ አማረሩ እንጂ፣ ሐሳቡስ መልካም ነበር።

መለኪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁለት ዓይነት እንዳለ ይወቅ። አንደኛው ከዙሪያው አየር በላይ ያለውን፣ ሁለተኛው ጠቅላላውን ያሳያል፤ በመልክ ግን ይመሳሰላሉ። ለመለየት ሞተር ላይ መግጠም አያሻም። በባሕር ዳር መደብር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መርፌው ዜሮ ላይ ካረፈ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ 0.8 አካባቢ ከቆመ ሁለተኛው ነው። ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ መተማ ቆላ ለሚወርድ ካሚዮን የሚሸጠው ይህ ሁለተኛው ነው።