«ይሄን ከዚህ ስንቀንስ»

የሂሳብ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ሰሌዳው ላይ እየጠቆመ፣ «ይሄን ከዚህ ስንቀንስ ይሄ ይመጣል፤ ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ዓይነ ስውር ልጅ የሰማው «ይሄ»ን ብቻ ነው። ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ በየቀኑም ይመጣል። ትምህርቱ ግን አልደረሰውም።

አካቶ ትምህርት ማለት አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሰፈር እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ሲማሩ፣ ክፍሉም ለእነሱ ሲመቻች ነው። ሁለተኛው ግማሽ ሁሌም ይረሳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። በወረቀት በኩል ብዙም አልጎደለንም።

መምህሩ «ከሠላሳ ላይ ሃያ አራት ስንቀንስ ስድስት ይቀራል» ቢል ምን ያወጣል? አምስት ሳንቲም አያወጣም። በደንብ የማትሰማ ልጅ ካለችም ፊትን ወደ ሰሌዳ አዙሮ አለማውራት እንዲሁ ነፃ ነው።

ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጥ ግን «አድልዎ ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ብሬይልን እንየው። «ሰላም» በቀለም ሦስት ፊደል ነው። በአማርኛ ብሬይል ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አምስት ቦታ ይወስዳል። ተማሪው ወረቀቱን ስሌት በሚባለው ማዕቀፍ ውስጥ ከቶ፣ በስታይለስ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። የጻፈውን ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ አለበት። አንድ መልስ ለማረም ይህ ሁሉ ጣጣ አለ፤ ሰዓቱ ችሮታ አይደለም።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ይለያል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው በሌለበት ክፍል ልጁን ብቻውን ማስቀመጥ፣ ለእኔ፣ ማካተት ሳይሆን በሰው መሃል ማግለል ነው። መጀመሪያ ቋንቋውን ከመሰሎቹ ጋር በልዩ ክፍል አዳብሮ፣ ኋላ በአስተርጓሚ ከሌሎቹ ጋር ቢቀላቀል ይሻለዋል። ለዓይነ ስውሩ የሚበጀው ለእሱ ላይበጅ ይችላል፤ አካል ጉዳት ሁሉ አንድ መድኃኒት የለውም።

ልጅ ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅ እንግዲህ «ትቀበላላችሁ?» ብሎ ብቻ አይመለስ። በፈተና ጊዜ ማን ያነብለታል? ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ወደ ምድር ይወርዳል? ደግሞ መጸዳጃ ቤቱን በዓይኑ ይይ፤ በሩ ዊልቸር ያስገባል? ጠዋት ቁርሷን በልታ ውሃ አልጠጣም የምትል ተማሪ ካለች፣ ምክንያቷ ያ በር ሊሆን ይችላል።